ጠፋ ወይስ ተዘጋ? የጻፍነው ነገር የት እንደሚኖር

አማርኛ «ጠፋ» በሚለው አንድ ቃል ብዙ ነገር ይናገራል። መብራት ጠፋ። ኔትወርክ ጠፋ። ፔጁ ጠፋ። ፊደሉ ጠፋ። በዕለት ተዕለት ወሬ ይህ አያስቸግርም። ስለ ኢንተርኔት ሲወራ ግን ነገሩ ይደበላለቃል። መስመር የጠፋበት ሰውና አካውንቱ የተሰረዘበት ሰው የደረሰባቸው ነገር ጨርሶ አይገናኝም። የአንዱ ጽሑፍ ካለበት አልተነቃነቀም። የሌላው ላይመለስ ሄዷል።

በጎንደር ጉዳዩ ከሌላው ቦታ በበለጠ ቅርብ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ከተማዋ ማኅበራዊ ሚዲያ ሲታገድም፣ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥም አይታለች። በዚያው ልክ የሚጽፈው ሰው በዝቷል። መምህሩ የትምህርት ማስታወሻ በቴሌግራም ቻናል ያወጣል። አስጎብኚው ስለ ፋሲል ግንብ ይጽፋል። የቆሎ ተማሪ የሰማውን ቅኔ ከነፍቺው ይለጥፋል። ነርሷ ስለ ወሊድና ስለ ክትባት ታካፍላለች። ይህ ሁሉ ሥራ የት ነው የሚቀመጠው? በማን እጅ ነው ያለው?

ጽሑፍ የሚጠፋባቸው መንገዶች የተለያዩ ናቸው። መፍትሔያቸውም አንድ አይደለም። ለሁሉም የሚሠራው አንድ ጥያቄ ግን አለ፤ ጸሐፊው የራሱ ቅጂ አለው ወይስ የለውም?

መንገዱ ሲዘጋ

ፌስቡክ ላይ የለጠፍነው ጽሑፍ ስልካችን ውስጥ አይደለም ያለው። ሰርቨር ላይ ነው። ሰርቨር ማለት ሌሊትና ቀን ሳይጠፋ የሚሠራ፣ ለጠየቀው ሁሉ መረጃ የሚያቀብል ኮምፒውተር ነው። የፌስቡክም የቴሌግራምም ዋና ሰርቨሮች ከኢትዮጵያ ውጭ ናቸው። ስልካችን የሚያደርገው ከጎንደር ተነስቶ እዚያ ድረስ መጠየቅና ያገኘውን አምጥቶ ማሳየት ነው።

ይህ መንገድ በሁለት ዓይነት ይዘጋል። በየካቲት 2015 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ታገዱ። እገዳው እስከ ሐምሌ፣ አምስት ወር ገደማ ቆየ። ያኔ ኢንተርኔቱ ራሱ ይሠራ ነበር። የተዘጋው ወደ ተወሰኑ አድራሻዎች የሚወስደው በር ብቻ ነው። ስለዚህ ቪፒኤን የጫነ ሰው ይገባ ነበር። ቪፒኤን የምንሄድበትን አድራሻ ሸፍኖ፣ ሌላ አገር ባለ ኮምፒውተር በኩል የሚያሳልፈን መሣሪያ ነው። በሩ ላይ ያለው ጠባቂ ወዴት እንደምንሄድ አያይም፤ ስለዚህ አያግደንም።

እገዳው ተነስቶ ብዙም ሳይቆይ፣ በዚያው በሐምሌ ወር መጨረሻ፣ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ለወራትም ሳይመለስ ቆየ። ይኼኛው ሌላ ነገር ነው። የተዘጋው አንድ በር ሳይሆን መንገዱ በሙሉ ነው። ቪፒኤን ራሱ የሚጓዘው በኢንተርኔት ላይ ስለሆነ መስመር በሌለበት ምንም አይፈይድም። «ባለፈው ሠርቶልኝ አሁን ምን ነካው?» ለሚል ሰው መልሱ ይኸው ነው።

ከእነዚህ የተለየ ሦስተኛ ጉዳይም አለ። መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ በመላው ዓለም ለ6 ሰዓት ገደማ ተቋረጡ። ኩባንያው በራሱ ኔትወርክ ላይ ጥገና ሲያደርግ በተፈጠረ ስህተት የሰርቨሮቹ አድራሻ ከኢንተርኔት ላይ ጠፋ። ጎንደር አዘዞ ያለውም ዱባይ ያለውም ሰው እኩል ተቸገረ። በዚያን ቀን የዘጋው ማንም አልነበረም።

በሦስቱም ሁኔታ አንድ መስመር እንኳ ጽሑፍ አልተሰረዘም። መንገዱ ሲከፈት ሁሉም በነበረበት ተገኝቷል። ይህ ማለት ግን ጉዳት አልነበረም ማለት አይደለም። የመመረቂያ ጽሑፉን ጉግል ድራይቭ ላይ ብቻ ያስቀመጠ ተማሪ ጽሑፉ ደህና ነው። እሱ ግን ማግኘት አይችልም። የማስረከቢያው ቀን ደግሞ ኢንተርኔት እስኪመለስ አይጠብቅም። ለእንዲህ ያለው ሰው የ5 ደቂቃ ሥራ፣ ማለትም ፋይሉን ኮምፒውተሩና ፍላሹ ላይ መገልበጥ፣ ወራቱን ያድንለት ነበር።

ቤቱ የሌላ ሰው ሲሆን

ሁለተኛው መጥፋት ከባድ ነው። እዚህ የሚሄደው ጽሑፉ ራሱ ነው።

ነፃ የሆኑት መድረኮች ያለ ኪራይ ያስጠጉናል። ውል ግን አለ። ያንን «እስማማለሁ» ብለን የነካነውን ረጅም ጽሑፍ አብዛኞቻችን አላነበብነውም። ውሉ ባለቤቱ ቤቱን መዝጋት፣ ማፍረስ ወይም እኛን ማስወጣት እንደሚችል ይናገራል። ይህ ደግሞ ደጋግሞ ተፈጽሟል። በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሰዎች የግል ገጽ ይሠሩበት የነበረው ጂኦሲቲስ እ.ኤ.አ. በ2009 ተዘጋ። ማይስፔስ እ.ኤ.አ. በ2019 ከ2003 እስከ 2015 የተጫኑ ሙዚቃዎችን ወደ ሌላ ሰርቨር ሲያዛውር እንዳጠፋቸው አመነ። ጉግል ፕላስ በዚያው ዓመት ተዘጋ። ሦስቱም በዘመናቸው የማይናወጡ ይመስሉ ነበር።

ሳይፈርስም ቤቱ ሊለቀቅ ይችላል። ጉግል ለ2 ዓመት ያልተከፈተ የግል አካውንት ሊሰርዝ እንደሚችል አስታውቆ፣ ከታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ አውሏል። የድሮ ኢሜይል ከፍቶ የረሳ፣ ፎቶውንና ጽሑፉን እዚያ የተወ ሰው ይህን ማወቅ አለበት። ቴሌግራምም ለወራት ያልተከፈተን አካውንት በራሱ ይሰርዛል። ጊዜውን ቅንብሩ ውስጥ ገብቶ ማራዘም ይቻላል።

በእኛ ዘንድ አብዛኛው አካውንት የሚጠፋው ግን በኩባንያ ውሳኔ አይመስለኝም። በስልክ ቁጥር ነው። አካሄዱን ቀረብ ብለን እንየው። ቴሌግራም አካውንት የሚከፍተው በስልክ ቁጥር ነው። በአዲስ ስልክ ስንገባ በቁጥራችን ኮድ ይልካል፤ ያንን አስገብተን እናልፋለን። አሁን አንድ ሰው ለሥራ ወደ ውጭ ሄደ እንበል። ሲሙን ቤት ትቶት፣ ካርድ ሳይሞላበት ረጅም ጊዜ ቆየ። ቴሌኮሙ ቁጥሩን ይዘጋና ቆይቶ ለሌላ ደንበኛ ይሸጠዋል። አዲሱ ባለቤት ምንም ክፋት ሳይኖረው ቴሌግራም ይጭናል። ኮዱ የሚመጣው ለእሱ ነው። አካውንቱ የይለፍ ቃል ካልተጨመረበት ሰውየው የማያውቀው ሰው ቤት ውስጥ ራሱን ያገኘዋል። ቻናሉ፣ መልእክቱ፣ ሁሉም እዚያ አለ።

ይህን የሚከለክለው ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ የሚባለው ነው። ከኮዱ ሌላ እኛ ብቻ የምናውቀው የይለፍ ቃል ይጠይቃል። በቴሌግራም፣ በፌስቡክም፣ በጉግልም አለ፤ ክፍያ የለውም። ከምናውቀው ሰው አካውንት «ለልጄ ድምፅ ስጡልኝ» የሚል ሊንክ ተልኮልን ነክተን፣ የመጣልንን ኮድ ካስገባን ደግሞ ቁልፉን በገዛ እጃችን ሰጠን ማለት ነው። የምናውቀው ሰው አካውንትም በዚያው መንገድ ነው የተወሰደው።

አንድ ነገር ልጨምር። ገጾች በተጠቃሚዎች አቤቱታ ብዛት የሚዘጉበት ጊዜ አለ። ትልልቆቹ መድረኮች አማርኛ የሚያነቡ በቂ ገምጋሚዎች የላቸውም ተብለው በተደጋጋሚ ተተችተዋል። ውጤቱ በሁለት በኩል ይጎዳል። መነሳት ያለበት የጥላቻ ጽሑፍ ይቆያል፤ መቆየት ያለበት ደግሞ ሊነሳ ይችላል። ይግባኝ ማለት ይቻላል። መልሱ ግን መቼና በምን ቋንቋ እንደሚመጣ ጸሐፊው አይወስንም።

ፊደሉ ሲበላሽ

ሦስተኛው መጥፋት ብዙ አይወራለትም። ፋይሉ በእጃችን አለ፤ ግን አይነበብም።

አንድ ሰው በ1990ዎቹ ዓ.ም. የተጻፈ የመመረቂያ ጽሑፍ በሲዲ ይዞ ጎንደር ፒያሳ ካሉት ኮምፒውተር ቤቶች ወደ አንዱ ገባ እንበል። ልጅቷ ትከፍተዋለች። ስክሪኑን የሞላው አማርኛ አይደለም። የፈረንጅ ፊደል ነው፤ በላዩ ነጥብና ሰረዝ የተደረገበት፣ በመሃሉ ቅንፍና የፐርሰንት ምልክት የተሰገሰገበት። ሰውየው «በቃ ተበላሽቷል» ብሎ ይደነግጣል። ልጅቷ ልምድ ካላት ግን አትደነግጥም። ጽሑፉን በሙሉ ትመርጥና ፎንቱን ወደ ቪዡዋል ግዕዝ ትቀይረዋለች። ካልሆነ ፓወር ግዕዝን ትሞክራለች። ድንገት «መግቢያ» የሚለው ርዕስ ብቅ ይላል።

ምን ሆኖ ነው? ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያስቀምጠው ቁጥር ነው። ቀድሞ ለእያንዳንዱ የላቲን ፊደል ቁጥር ተሰጥቶት ነበር፤ ለግዕዝ ግን አልነበረም። ስለዚህ የአማርኛ ሶፍትዌር የሠሩት ባለሙያዎች የላቲኑን ቁጥር ተውሰው በላዩ ላይ የእኛን ፊደል ሳሉበት። ቦታው ጠባብ ነበር። የእኛ ፊደል ከነዲቃላው ከ200 በላይ ነው። አንዳንዱ ፊደሉን ለሁለት ፎንት ከፈለው። ሌላው አንዱን ፊደል ከሁለት ቁራጭ ገጣጠመው። እያንዳንዱም በራሱ መንገድ ሄደ። በአንዱ ሶፍትዌር የተጻፈው በሌላው የማይነበበው ለዚህ ነው። በጊዜው የተቻለው እሱ ነበር፤ በእነዚያ ፎንቶች ብዙ ጋዜጣና መጽሐፍ ታትሟል።

ነገሩ የተለወጠው በዩኒኮድ ነው። ዩኒኮድ ለዓለም ቋንቋዎች ፊደል ሁሉ የማይደገም ቁጥር የሚሰጥ ዓለም አቀፍ ስምምነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትሙ 345 የኢትዮጵያ ፊደላትና ምልክቶች ገቡ። ዊንዶውስ ከቪስታ ጀምሮ ኒያላ የሚባለውን ፎንት ይዞ መጣ። ዛሬ በስልክ የምንጽፈው «ጎ» ጎንደርም ቶኪዮም አንድ ዓይነት ቁጥር ነው። ያለ ስጋት ይነበባል።

የድሮው ግን በራሱ አይለወጥም። በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየሰዉ መሳቢያ ያሉ ሲዲዎችና ፍሎፒዎች ውስጥ ከ1999 እ.ኤ.አ. በፊትም በኋላም በድሮ ፎንት የተጻፈ ብዙ ነገር አለ። ወደ ዩኒኮድ የሚቀይሩ ፕሮግራሞች አሉ። ከነሱ ይበልጥ የሚያስፈልጉት ግን ያንን ፎንት በዓይናቸው የሚለዩ ጸሐፊዎች ናቸው። እነሱ ሥራ ላይ እያሉ መገልበጡ ይሻላል። ሲዲ ራሱም ዕድሜ አለው።

በነገራችን ላይ ብዙ ሰው ለምን «ሰላም ነህ»ን በላቲን ፊደል መጻፍ እንደለመደ የሚገልጽ አንድ ቁጥር አለ። አንድ ኤስኤምኤስ በላቲን 160 ፊደል ይይዛል። በአማርኛ ሲጻፍ 70 ብቻ። «እንኳን ለብርሃነ ጥምቀቱ በሰላም አደረሳችሁ» ከነክፍተቱ 27 ነው። ሁለት ምርቃት ከተጨመረበት መልእክቱ ለሁለት ተከፍሎ እንደ ሁለት ይቆጠራል። ስልኮች አማርኛ በማይጽፉበት ዘመን የጀመረው ልማድ አማርኛ ከገባላቸው በኋላም የቀጠለበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

ተጽፎ የማይገኝ

ያልጠፋ ነገርም እንደጠፋ ሊቆጠር ይችላል፤ የሚፈልገው ሰው ካላገኘው።

የራሷን የጎንደርን ስም እንውሰድ። አንዱ «ጎንደር» ይላል። የቀድሞውን አጻጻፍ የሚከተል «ጐንደር» ይላል። ለአንባቢ አንድ ከተማ ነው። ለኮምፒውተር «ጎ» እና «ጐ» ሁለት የማይገናኙ ቁጥሮች ናቸው። አንዱን የፈለገ ሌላውን ላያገኘው ይችላል። ሃሌታው፣ ሐመሩ፣ ብዙኃኑ፣ እሳቱ፣ ንጉሡ ሲጨመሩበት ነገሩ ይበዛል። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል ብቻ «ፀ»ን ከ«ጸ»፣ «ሐ»ን ከ«ሀ»፣ ከ«ሃ»፣ ከ«ሓ»፣ ከ«ኀ» እና ከ«ኃ» ጋር እያለዋወጡ በ12 መንገድ መጻፍ ይቻላል። የፍለጋ ሞተሮች አንዳንዱን ማዛመድ ተምረዋል፤ ሁሉን ግን አይደለም። ፋይል ውስጥ ስንፈልግማ ከናካቴው አያዛምድም። ስለዚህ ጸሐፊ ቢያንስ በርዕሱና በዋና ቃላቱ አንድ አጻጻፍ መርጦ ቢጸና ለአንባቢው ትልቅ ውለታ ነው።

ከዚህ የባሰው በፎቶ የሚለጠፍ ጽሑፍ ነው። በሚያምር ጀርባ ላይ የተጻፈ ግጥም፣ ስክሪንሹት የተደረገ ማስታወቂያ፣ በካሜራ የተነሳ ደብዳቤ። ለዓይን ጽሑፍ ነው። ለኮምፒውተር ሥዕል ነው። በፍለጋ በቀላሉ አይገኝም። ማየት የተሳነው ሰውም በስልኩ አንባቢ ድምፅ በቀላሉ ሊሰማው አይችልም። ከሥዕሉ ሥር ያንኑ በፊደል መድገም ችግሩን ይፈታዋል።

የቴሌግራምና የፌስቡክ ጽሑፍ ደግሞ በአብዛኛው ለፍለጋ ሞተር ክፍት አይደለም። ከሁለት ዓመት በኋላ ስለ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ መላእክት የሚጠይቅ ልጅ፣ የጎንደሩ አስጎብኚ በቻናሉ የጻፈውን ጥሩ ማብራሪያ ጉግል ላይ የማግኘት ዕድሉ ጠባብ ነው። የሚያገኘው ክፍት ድረ ገጽ ላይ የተጻፈውን ነው። ጉግል ትርጉም አማርኛን የጨመረው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች የሚማሩት በብዛት ክፍት ከሆነው ድር ነው። በክፍት ቦታ ጥሩ አማርኛ ባነሰ ቁጥር የማሽኑም አማርኛ እየተንገዳገደ ይቀጥላል።

«ሰው ያለው ቴሌግራም ላይ ነው»

እስካሁን የተባለውን ሰምቶ «ታዲያ ሁላችንም ድረ ገጽ እንክፈት?» የሚል ሰው ይኖራል። ተቃራኒው ሐሳብ ቀላል አይደለምና በደንብ መሰማት አለበት።

የመጀመሪያው ክርክር አንባቢ ነው። ጽሑፍ የሚጻፈው እንዲነበብ ነው። የጎንደር አንባቢ ጠዋት ተነስቶ የድረ ገጽ አድራሻ አይጽፍም። ቴሌግራም ወይም ፌስቡክ ይከፍታል። በ10 ብር ፓኬጅ የሚጠቀም ወጣት ከባድ ገጽ እስኪከፈት ዳታውን አያቃጥልም። ይህ እውነት ነው።

ሁለተኛው ገንዘብ ነው። ዶሜይን፣ ማለትም የድረ ገጽ አድራሻ፣ ዶት ኮም ከሆነ በዓመት ከ10 እስከ 15 ዶላር ገደማ ነው። ሆስቲንግ ደግሞ ገጹ የሚቀመጥበት ሰርቨር ኪራይ ነው፤ ለብቻው ይከፈላል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያም በላይ፣ በዶላር የሚከፍል ካርድ ለአብዛኛው ሰው የለም። በብር የሚያስከፍሉ አገር ውስጥ ድርጅቶች አሉ፤ የዶት ኢቲ አድራሻም የሚሰጠው በኢትዮ ቴሌኮም በኩል ነው። እንደዚያም ሆኖ ክፍያው በየዓመቱ ይመጣል። አንድ ዓመት ከተረሳ ገጹ ይዘጋል። ስለዚህ የራስ ድረ ገጽ ያለው ሰውም «ተከራይ አይደለሁም» ሊል አይችልም።

ሁለቱም ክርክሮች ትክክል ናቸው። ግን የሚመልሱት «የት እንለጥፍ?» የሚለውን ነው። «ዋናው ቅጂ የት ይቀመጥ?» የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። ሁለቱን መለየት ብዙ ግራ መጋባት ያቃልላል። አንባቢ ባለበት መለጠፍ፣ ዋናውን ግን ራስ ዘንድ ማኖር ይቻላል።

በመሃል የሚቆም መንገድም አለ። ብሎገር እ.ኤ.አ. በ1999 ተጀምሮ በ2003 ጉግል የገዛው ነፃ የመጻፊያ ቦታ ነው። ዎርድፕረስም በ2003 ወጥቷል፤ ነፃ አማራጭ አለው። ሁለቱም ለፍለጋ ክፍት ናቸው። ሁለቱም ጽሑፉን በሙሉ በአንድ ፋይል ያስወርዳሉ። ያ ፋይል ወደ ሌላ ቦታ ሊጫን ይችላል። ብሎገር ላይ የራስን ዶሜይን መትከል ስለሚቻል፣ አድራሻው የራስ፣ ቤቱ የኪራይ ይሆናል። ቤት ሲቀየር አድራሻው አብሮ ይሄዳል፤ አንባቢም አይጠፋበትም። አቅም ላላቸው ተቋማት፣ ለምሳሌ ለማኅበራትና ለትምህርት ቤቶች፣ በእኔ ግምት ይኼኛው ይበጃል። ለአንድ ግለሰብ ግን ነፃው አድራሻና ጥሩ ቅጂ ይበቃዋል።

ብራናው እንዴት ተረፈ?

ጎንደር ስለ ቅጂ ከማንም ላትማር ትችላለች። የከተማዋ መጻሕፍት ያዩት መከራ ብዙ ነው። አፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የሰበሰቧቸው ብራናዎች መቅደላ ነበሩ። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ብዙዎቹን ወሰደ፤ ዛሬ በአብዛኛው ለንደን ይገኛሉ። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ከተማዋን ሲያቃጥሉ አብዛኞቹ አብያተ ክርስቲያናት ነደዱ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተረፈች።

ያ ሁሉ ሲሆን ጽሑፎቹ ለምን አላለቁም? መጽሐፈ ሄኖክን እንይ። በዓለም ላይ ሙሉው የተረፈው በግዕዝ ብቻ ነው። ወደ ግዕዝ የተተረጎመው በአክሱም ዘመን ነው። ከዚያ ዘመን የተረፈ የሄኖክ ብራና ግን የለም። በእጅ ያሉት ጥንታዊ ቅጂዎች ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ የተጻፉ ናቸው። በመሃል ያለውን ዘመን ያሻገረው ሲያረጅ የሚገለብጥ ጸሐፊ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ገብቶ ሲመለስ ሦስት የሄኖክ ቅጂዎች ወደ አውሮፓ ወሰደ። ሦስት ቅጂ ከአገር ወጥቶ እዚህ መጽሐፉ አልጠፋም። በየገዳሙ ሌላ ነበረና።

ይህ ሥራ በእኛም ዘመን ቀጥሏል። እ.ኤ.አ. በ1973 በሺዎች የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ብራናዎችን በማይክሮፊልም የማንሳት ሥራ ተጀመረ። ፊልሙ አንድ አዲስ አበባ፣ አንድ አሜሪካ ሚኒሶታ ተቀመጠ። ሁለት አገር ማለት ነው። አንዱ ቢቃጠል አንዱ አለ።

የኮምፒውተር ባለሙያዎች ባክአፕ የሚሉት ይህንኑ ነው፤ መጠባበቂያ ቅጂ። የተለመደው ምክራቸው ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ፣ አንዱ ከቤት ውጭ የሚል ነው። አንዱ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ፣ አንዱ ፍላሽ ላይ፣ አንዱ ሌላ ከተማ ያለ ዘመድ ዘንድ ወይም ኢንተርኔት ላይ።

ፍላሽ ላይ ስንት ጽሑፍ ይገባል?

«ቦታ የለኝም» የሚለው ምክንያት ለጽሑፍ አይሠራም። ስሌቱ እንዲህ ነው። በተለመደው የዩኒኮድ አቀማመጥ አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። ባይት ኮምፒውተር የሚያስቀምጠውን ነገር የምንለካበት ትንሽ መስፈሪያ ነው። 2,500 ቃል ያለው ረጅም ጽሑፍ፣ አንዱ ቃል 5 ፊደል ቢሆን፣ 40 ሺህ ባይት ገደማ ነው። በስልክ የተነሳ አንድ ፎቶ 4 ሚሊዮን ባይት ሊሆን ይችላል። አንድ የሠርግ ፎቶ የመቶ ጽሑፍ ቦታ ይይዛል ማለት ነው። በ8 ጊጋ ፍላሽ ላይ እንዲህ ያለ ጽሑፍ 200 ሺህ ያህል ይገባል። የሰው ዕድሜ አይበቃውም።

አወጣጡም ከባድ አይደለም። የቴሌግራም የኮምፒውተር ፕሮግራም አንድን ቻናል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ወደ ፋይል ያወርዳል። ፎቶና ቪዲዮውን ትቶ ጽሑፉን ብቻ ማውረድ ይቻላል፤ ዳታ ለሚቆጥብ ሰው ይህ ይጠቅማል። ፌስቡክም መረጃህን አውርድ የሚል ቦታ አለው። ጥያቄው ገብቶ ፋይሉ ተዘጋጅቶ እስኪመጣ ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል። የወረደውን ግን ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል። ባዶ ፋይል አስቀምጦ ተማምኖ መቀመጥ የተለመደ ስህተት ነው።

ፍላሽም አያስተማምንም። በየኮምፒውተር ቤቱ ሲሰካ ቫይረስ ይዞ ይመለሳል። ማስቀመጫ ፍላሽና ማመላለሻ ፍላሽ ለየብቻ ቢሆን ጥሩ ነው። በጣም የምንወደውን ደግሞ ማተም ይቻላል። በጥሩ ወረቀት የታተመ ገጽ ኤሌክትሪክም የይለፍ ቃልም አይፈልግም።

የማይቀመጥም አለ

ሁሉም ነገር መቀመጥ አለበት የሚል ሐሳብ ላይ ትክክለኛ ተቃውሞ ይነሳል። በንዴት የተጻፈ፣ የሌላ ሰው ምስጢር ያለበት፣ የታካሚ ወይም የተማሪ ስም የያዘ ጽሑፍ በሦስት ቦታ ቢቀመጥ አደጋውም በሦስት ይባዛል። ጸጥታ በደፈረሰበት አካባቢ ስልክ ውስጥ ያለ ነገር ራሱ ስጋት ሊሆን ይችላል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ሰዎች በእነሱ ላይ የተያዘ መረጃ እንዲሰረዝ የመጠየቅ መብት ሰጥቷል። ስለዚህ ቅጂ ከመያዝ በፊት መለየት ይቀድማል። መሰረዝ የጸሐፊው ውሳኔ ሲሆን መብት ነው። ችግሩ ሳይወስን ሲሰረዝበት ነው።

ሌላው ብዙ የማናነሳው ሞት ነው። አንድ አዛውንት ለዓመታት የሰበሰቡት ተረትና ምሳሌ፣ አንዲት እናት ለልጆቿ የጻፈችው፣ የይለፍ ቃሉን ይዘው ሲያልፉ ይዘጋል። ጉግል እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ አካውንቱ ሥራ ሲያቆም መረጃው ለማን እንዲተላለፍ ባለቤቱ አስቀድሞ እንዲመርጥ ፈቅዷል። ፌስቡክም እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ከሞት በኋላ ገጹን የሚጠብቅ ሰው ያስመርጣል። የቴሌግራም ቻናል ላይ የሚታመን ሁለተኛ አስተዳዳሪ መጨመር ወይም ባለቤትነቱን ማስተላለፍ ይቻላል። ሦስቱም በሕይወት እያሉ የሚደረጉ ናቸው፤ በኋላ ቤተሰብ ኩባንያውን ቢለምን ጉዳዩ ይረዝማል።

አብዛኛው ቤት የቤት ካርታ፣ የልደት የምስክር ወረቀትና የድሮ ፎቶ የሚቀመጥበት አንድ ሳጥን አለው። የይለፍ ቃሉ የተጻፈበት ወረቀትና ፍላሹ እዚያው ሊገቡ ይችላሉ። ወረቀቱ ላይ ፋይሉ በምን ስም እንደተቀመጠና ቻናሉ ማን እንደሚባል ይጻፍበት። የሚከፍተው ልጅ ምን እንደሚፈልግ ያውቃል።